የአበልጅ ደመወዝ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «አንተማ ቤተሰባችን ነህ» የሚባለው ሠራተኛ ደመወዙ ከባዳው የሚያንሰው ለምንድን ነው? እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

አያሌው መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የአይሱዙ ሞተር የሚያስወርዱ ሾፌሮች ከወልድያ ድረስ እሱን ብለው ይመጣሉ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ስዩም አበልጁ ናቸው፤ ልጁን ቤዛዊትን ክርስትና ያነሷት ሚስታቸው ናቸው። ጋሽ ስዩም ለገና ቀሚስ፣ ለፋሲካ ጫማ ይገዙላታል። ክፉ ሰው አይደሉም። የአባቷን ደመወዝ ግን ከክርስትናው ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ብር አልጨመሩም።

አምና ኤርሚያስ የሚባል መካኒክ ተቀጠረ። ሥራውን ያሳየው አያሌው ነው፤ የሚከፈለው ግን የአያሌው እጥፍ ነው። ኤርሚያስን ራሱን ነገሩ ከነከነው።

«ለምን አትጠይቃቸውም? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እኮ» አለው።

«አበልጄን? በልጁ ክርስትና ነገደ ልባል? አላደርገውም!»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የአያሌው ዝምታ ግን ነቅዟል። ጋሽ ስዩም ፊት ፈገግ ብሎ ይውልና ቤቱ ሲገባ በሚስቱ በመስከረም ላይ ይጮሃል። ይሄ ምን የሚሉት ወንድነት ነው?

በታኅሣሥ አከራያቸው ኪራይ ጨመረ። አያሌው መክፈል አቃተው። ያገኘውን መላ ስሙልኝ፦ ሚስቱና ልጁ ግራና ከተማ፣ የሚስቱ ወላጆች ዘንድ ይሄዳሉ፣ እሱ ጋራዡ ውስጥ ያድራል! ልጂቱ የመንፈቁ ፈተና ሳይደርስ ከትምህርቷ ትነቀላለች!

በገና ዋዜማ ጋሽ ስዩም እንደ ልማዳቸው ቀሚስ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ዕቃ የተጫነች ባጃጅ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«መስከረም ለበዓል እናቷን ልትጠይቅ ነው» አለ አያሌው አንገቱን ደፍቶ።

«ከነፍራሿ?»

መስከረም ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ጋሼ፣ ቀሚሱን ይመልሱት። ልጅዎ ያጣችው ቀሚስ አይደለም፣ ቤት ነው። ያባቷን ድካም ቢከፍሉን ቀሚሱን እኛው እንገዛላት ነበር።»

ጋሽ ስዩም ወደ አያሌው ዞሩ። «ለምን አልነገርከኝም? ቤተሰብ አይደለን?»

«ቤተሰብ ስለሆንን ነዋ! ኤርሚያስ ባዳ ስለሆነ እጥፍ ይከፈለው፣ እኔ ዘመድ ስለሆንኩ ቤቴን ልበትን?»

«እሱ እኮ ጠየቀኝ። አንተ አልጠየቅከኝም።»

ሰማችሁ? ሲሠራ እያዩት፣ ሲደክም እያዩት፣ አልጠየቀኝም! የሰው ላብ አፍ ካላወጣ አይታይም ማለት ነው?

ባጃጇ ውስጥ የተቀመጠችው ቤዛዊት አንገቷን ብቅ አድርጋ «ክርስትና አባቴ፣ ግራና መጥተው ያዩኛል?» አለቻቸው።

ጋሽ ስዩም ነጠላቸውን አጣፍተው ፍራሹን በገዛ እጃቸው ከባጃጇ አወረዱ። «ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝህ ከኤርሚያስ በላይ ነው» አሉ። «ስላለፈውም ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን። በድዬሃለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አያሌው «እርስዎ እንዳሉ» ብሎ እጅ ይነሳ ነበር። አሁን ግን ቀና አለ።

«በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ ጋሼ።»

በጽሑፍ ሆነ። አበልጅነቱም አልፈረሰም።

እናንተ አሠሪዎች፣ ልጁን ክርስትና ስታነሱ የአባቱን አፍ አትለጉሙ። እናንተም አንገታችሁን የደፋችሁ ሠራተኞች፣ የላባችሁን ዋጋ ጠይቁ። እናንተ ይሉኝታ ስትፈሩ ከቤት የሚወጡት ልጆቻችሁ ናቸው።