የተቀደዱት ሦስት ገጾች

መናኸሪያው በስምንት ሰዓት ፀሐይ ግሏል።

«ወንፊት» ምሳ ዕቃዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትኬት መቁረጫው ጋ ቆመች። የስለላ ቢሮው ዘር አምራች ኩባንያ ውስጥ ተባይ ቆጣሪ አድርጎ ካስገባት ስምንት ወሯ ነው። ዛሬ ኩባንያው፣ ትል እንዲገድል አድርጎ ከሠራው አዲስ ሩዝ ሪፖርት ላይ ቀዶ ያስቀራቸውን ሦስት ገጾች ይዛ ወጥታለች።

የስለላ አለቃዋ፣ በምስጢር ስሙ «አጎቴ»፣ ጋዜጣ እያገላበጠ ተጠጋት።

«አመጣሽ?»

«አምጥቻለሁ።»

«ማን ሰጠሽ?»

ክው አለች።

ምንጭ አይጠየቅም። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል። ቦት ጫማቸው ላይ የሙከራ ማሳው ጭቃ ገና አልደረቀም።

የኩባንያው ጥበቃዎች።

ሸጧታል።

«እዚህ ውስጥ ነው» ብላ ምሳ ዕቃውን አስታቀፈችው። እሱ ከክዳኑ ጋር ሲታገል፣ ሊነሳ ያለ አውቶቡስ ላይ ዘላ ወጣች። ገጾቹ ቀሚሷ ገበር ውስጥ ነበሩ።

ሁለት ፌርማታ አልፋ ወረደችና ደወለች። ስልኩን ያነሱት ቆጠራውን ሠርተው ገጾቹን የሰጧት አዛውንቱ የተባይ ተመራማሪ ናቸው።

«ጋሼ፣ ታውቆብናል። ኮሚቴው ለሩዙ ፈቃድ ሊሰጥ በዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል። ስምዎን ቆርጬ ላስገባው?»

«ያለ ፊርማ ማን ያምነዋል?»

«ያገኙዎታል እኮ!»

«ልጄ፣ ሩዙ አገዳ የሚቦረቡረውን ትል ገደለ፤ እሰየው። ጭማቂ የሚመጠውን ቡናማ ተባይ ግን አልነካውም። ሜዳው ሲለቀቅለት አምስት እጥፍ ተራባ። የጎረቤት ገበሬዎችን ማሳ አይተሽዋል፤ እሳት የለበለበው ነው የሚመስለው። እኔ ቆጥሬ ቆጥሬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ስጪው!»

በር ሲገነጠል ሰማች።

ስልኩ ተቋረጠ።

ወደ እሳቸው መመለስ ትችል ነበር። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ከተመለሰች ግን ስብሰባው ያመልጣታል። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ኮሚቴው ሮጠች።

ሰብሳቢዋ ገጾቹን ሁለቴ አነበበቻቸው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«ተባዩን የቆጠሩት ሰው ነው።»

«አንቺስ?»

«ተላላኪ ነኝ።»

ፈቃዱ ታገደ። አጎቴም በሦስተኛው ቀን ተያዘ። ተመራማሪውን ግን ያየ የለም። ባለቤታቸው ሆስፒታሉንም ፖሊስ ጣቢያውንም አዳረሱ። ወንፊት ልትደውልላቸው ሦስቴ ስልኳን አንስታ ተወችው። ማን ነኝ ትበል?

በሳምንቱ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች።

«ቤተሰብ አለሽ?» አለቻት አሠሪዋ።

«አባቴ ጠፍቶብኛል።»

ለሽፋን ያጠናችው ቃል ነበር። እንባዋ ግን ቀደማት።