ሐኪም የነካው ጥርስ

ጥርስ ለብዙዎቻችን ማኘኪያ ነው፤ ደስ ሲለን ደግሞ መሳቂያ። ለትራምፔት ነፊ ግን የልጆቹን ጉሮሮ የሚደፍንበት እንጀራው ነው። ይህን ያላወቀ ነፊ የለም፤ አውቆ የጠበቀው ግን ስንቱ ነው?

ታሪኩን የማወራላችሁ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በከተማው ኦርኬስትራ የመጀመሪያውን ትራምፔት ነፍቷል። ባልደረቦቹ በስሙ አይጠሩትም፤ "አንደኛ" ነው የሚሉት። ብቻውን የሚነፋው ቦታ ሲደርስ ከኋላ ሲያንሾካሹክ የነበረው ሁሉ ጸጥ ይላል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ትንሽ ኮራ ማለትም አይጠላም።

በነዚህ ነፊዎች ዘንድ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ አንድ አጉል ወግ አለ። "ሐኪም የነካው ጥርስ ድምፅ አይሰጥም" ይላሉ። ጥርሱን ያመመው በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል፣ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ የመሣሪያውን አፍ ወደ ጤነኛው ጎን ሸርተት አድርጎ ይነፋል እንጂ የጥርስ ሐኪም ደጅ አይረግጥም። አንደኛም የላይኛው የፊት ጥርሱ ከጎኑ ጠቁሮ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር እስከ አፍንጫው ሥር ሲጠዘጥዘው፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ከረመ።

የነቃችበት ሚስቱ ናት። "አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ስትጠጣ ፊትህ የሚኮማተረው ለምንድን ነው?" አለችው። ክዶ ክዶ ሲያቅተው እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው።

የጥርስ ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ራጅ አነሳችውና ፎቶውን አሳየችው።

"ይቺ ጥቁር ነጥብ ታየችዎት? መበስበሱ ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም። አደነዝዝዎትና የበሰበሰውን ጠርጌ፣ የጥርስዎን መልክ በያዘ ነገር እሞላዋለሁ። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ነገ ትራምፔትዎን ይነፋሉ።"

"ዶክተር... ድምፄስ?"

"ድምፅዎን የሚያጠፋው ጉድጓዱ እንጂ ሙሌቱ አይደለም። ከተዉት ነርቩ ጋ ይደርሳል። ያኔ የነርቩን ቦይ አጽድቶ መድፈን፣ ከላይም ሽፋን ማልበስ ይመጣል። ከዚያ ካለፈ መንቀል ነው።"

"አስቤበት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። በልምምድ ክፍሉ ለአንጋፋው ትሮምቦን ነፊ ሹክ ቢለው፣ ሽማግሌው ደረቱን ነፋ፦ "ስማ ልጄ፣ የኔን ጥርስ በስድሳ ዓመቴ አንድ ሐኪም አላየውም!" ስድስት ጥርስ ብቻ እንደቀሩት ግን አልነገረውም።

በዚህ መሐል ኦርኬስትራው ለቴሌቪዥን ሊቀረጽ ቀን ተቆረጠ። የአንደኛ ሐሳብ ሁሉ የጠቆረችው ጥርስ ላይ አረፈ። ሰፈሩ ውስጥ ያለች የፀጉር ሳሎን ደግሞ "ነጭ ፈገግታ በአንድ ሰዓት" የሚል ወረቀት ለጥፋ ነበር። ሳሎን ሐኪም ቤት አይደለማ! ወጉ አልፈረሰም! እስቲ ፍረዱ፣ ሐኪም ፈርቶ ጥርሱን ለፀጉር ሠሪ የሚሰጥ ሰው ይታያችሁ። ሴትዮዋ አራቱን የፊት ጥርሶቹን በጥፍር ሞረድ ፋቀቻቸው፤ የታመመውንም ጤነኛውንም ሳትለይ ነጫጭ ቅርፊት በማጣበቂያ ለጠፈችባቸው።

በቴሌቪዥን አብረቀረቀ። ቤቱ ሲገባ ልጆቹ አጨበጨቡለት፤ ሚስቱ ግን አላጨበጨበችም።

በሦስተኛው ሳምንት ከንፈሩ አበጠ። ለሁለት ቀን ቻለው፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይኑ ሲደፈን ያቺው ሐኪም ፊት ተቀመጠ። ቅርፊቶቹን ስታነሳ የወጣውን ሽታ ራሱም መቋቋም አቃተው።

"ጥርስ ላይ ሽፋን መለጠፍ ነውር የለውም፤ እኛም ለመልክ እንሠራዋለን" አለችው በሐዘን። "ግን በሽታው ቀድሞ ይታከማል፤ ሽፋኑም በልክ ተሠርቶ ጤነኛ ጥርስ ላይ ነው የሚውለው። እርስዎ በሽታው ላይ ክዳን ነው ያስደረጉበት።"

መግሉ አጥንቱን በልቶት ነበር። ሁለት ጥርስ ተነቀለ። አጎራባቾቹ ያለ ልክ ስለተፋቁ ድልድይ የሚባለውን፣ ከግራና ቀኝ ተደግፎ የሚታሰረውን ጥርስ መሸከም አይችሉም። አጥንት ውስጥ የሚተከለውም አጥንት ይፈልጋል፤ አጥንቱ ደግሞ የለም። የሚወለቅ ጥርስ ተሠራለት። ይበላበታል፣ ያወራበታል። ሲነፋ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርስ አየሩ ያመልጠዋል። ወራት ታገለ፤ አልሆነም። የኦርኬስትራው መሪ አንገቱን ደፍቶ ከአንደኛው ትራምፔት ወደ ሦስተኛው ወንበር አዛወረው። በቦታው የተቀመጠችው ራሱ ያስተማራት ወጣት ናት።

"ምን ሆነህ ነው?" ሲሉት "ሐኪም ነቀለችው" ይላል። ይህን ብቻ። ስለ ሳሎኑ ለመናገር አፍሮ ነበር። ውሸት አልተናገረም ትሉ ይሆናል፤ ግማሽ እውነት ግን ከሙሉ ውሸት የባሰ ጉድ ይሠራል።

አንድ ጠዋት በልምምድ ላይ፣ ወጣቷ የትራምፔቷን አፍ ወደ ግራ ሸርተት አድርጋ ስትነፋ አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሁሉም ነገር ገባው። ወዲያውም አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት፦ ዝም ብትላት እሷም አንተ ዘንድ ትወርዳለች። ይህን ማሰቡ ራሱን አስጠላው።

እረፍት ሲሆን ጠጋ አለ። "ልጄ፣ ጥርስሽን አሞሻል። ሐኪም ጋ ሂጂ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ይህን ይሉኛል?" አለች ደንግጣ። "እርስዎን ያየ ሐኪም ጋ ይሄዳል እንዴ? ይኸው ነካችዎትና ሦስተኛ ወንበር ላይ አስቀመጠችዎት!"

ትሮምቦን ነፊው ሽማግሌ ከኋላ "እውነቷን ነው!" አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለካ ያንን ከንቱ ወግ እየመገበ ያሳደገው የራሱ አፍ ኖሯል! ሰውየው ብድግ አለ። እጁን ወደ አፉ ሰደደና፣ ሃምሳ ሰው እያየው፣ ጥርሱን አውልቆ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባንድ አፍታ አረጀባቸው።

"እዩኝ" አለ እየተኮላተፈ። "ሐኪሟ አይደለችም ያበላሸችኝ። አንድ ሰዓት ስጠኝ፣ ላድንልህ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ፀጉር ቤት ሄጄ በቁስሌ ላይ ነጭ አስለጠፍኩ። ይህን ስደብቃችሁ ከረምኩ። እኔ ነኝ ራሴን ያጠፋሁት፤ ልጄ፣ አንቺንም ላጠፋ ነበር።"

የሳቀ አልነበረም። ወጣቷ ትራምፔቷን ሳጥን ውስጥ አስገብታ "ክሊኒኩ የት ነው፣ ጋሼ?" አለችው።

በዚያው ቀን አብሯት ሄደ። የእሷም ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም ነበር፤ ተጠርጎ ተሞላ።

በሳምንቱ ብቻዋን የምትነፋው ቦታ ደረሰ። ጥርት ያለ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሰውየው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ እንባውን አፈሰሰ፤ ደስታም ነበረበት፣ ሐዘኑ ግን ይበልጣል። ያቺ ድምፅ የእሱ ነበረች፤ ዳግም አትመጣም።

ወገኖቼ፣ "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። የሚያምችሁን ጥርስ ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩ። በራሳችሁ ጥፋት የተጎዳችሁም ካላችሁ፣ አትሸፋፍኑት፤ የእናንተን ዝምታ አምኖ ከሐኪም የሚሸሽ ሌላ ሰው አለ።