ለሁለት የተሰጠ ፓስወርድ

ቀንቶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ሰባ ዓመቴን ይዤ እንኳ አላወጣም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን የኔን ቅናት ሳይሆን የሲፋንን ነው። በዚያ ቅናት ውስጥ የኔም እጅ አለበትና፣ ልጆቼ፣ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትፍረዱብኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ በመስከረም ነው። ሚኒሶታ፣ ሌክ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ፣ አቶ ረጋሳ የሚባል ጠበቃ ቢሮ ነበረው። እኔ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከሰዓት እየገባሁ ወለሉን አጥባለሁ፣ ቆሻሻውን አወጣለሁ።

ከአቶ ረጋሳ ጋር ሁለት ወጣቶች ይሠሩ ነበር። ሲፋን ፋይሉንና ደንበኛውን የምትይዘው ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ክሪስታል በምትባል ከተማ ከእናቷ ከአዴ ፋዮ ጋር ትኖራለች። ቶኩማ ደግሞ ቀን እየሠራ ማታ ሕግ የሚማር፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ የሴንት ፖል ልጅ ነው። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ነው። እሷ ቀና ስትል እሱ ያቀረቅራል፤ እሱ ቀና ሲል እሷ ወረቀት ትፈልጋለች። እኔ መወልወያዬን ይዤ ይህን ሁሉ አያለሁ። የጽዳት ሠራተኛን ሰው አያየውም፤ እሱ ግን ሁሉን ያያል።

ጠበቃ፣ ታውቃላችሁ፣ ያለ ድሮ ፍርድ አይከራከርም። ዳኞች ከዚህ በፊት ምን ወስነው ነበር የሚለውን አገላብጦ ነው የሚቆመው። ያ ሁሉ ፍርድ ድሮ በመጽሐፍ ነበር፤ አሁን ኢንተርኔት ላይ ዳታቤዝ በሚሉት ውስጥ ገብቷል። የታላላቆቹ ዳታቤዞች ዋጋ ከአቶ ረጋሳ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ርካሽ የሆኑ ሦስት ለሙከራ አስከፈተና ሁለቱን ልጆች ጠራቸው።

«አንድ ወር በነጻ ሰጥተውናል። አንዱን ጥያቄ በሦስቱም ጠይቁት። የትኛው ቶሎ አገኘ፣ የትኛው አጎደለ፣ ጻፉልኝ። ወሩ ሲያልቅ ተስማምታችሁ አንዱን ምረጡ፤ ሁለት ሐሳብ አልፈልግም» አላቸው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የዳታቤዞቹ ስም ለምላሴ አልሆን አለኝ። በገጻቸው ቀለም ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ቀዩ እያልኩ ጠራኋቸው። ልጆቹም ስሙን ወደዱት።

«ሰማያዊው አሥራ ሁለት ፍርድ አመጣ። ያንተ ቀዩስ?» ትላለች ሲፋን።

«ዘጠኝ። ግን የኔ ዘጠኝ ያንቺን አሥራ ሁለት ይበልጣል።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«አንቺ ቆጠርሽ፣ እኔ አነበብኩ።»

ወረቀት ጨምድዳ ትወረውርበታለች። ወረቀቱን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ቢጫውን ልታሳየኝ ጠራችኝ። «ጋሼ ሙላው፣ ይህን ያዩታል? ቢጫው ፍርዱን ቶሎ ያመጣል። ፍርዱ በኋላ በሌላ ዳኛ መሻሩን ግን አይናገርም። ይህን ይዘን ፍርድ ቤት ብንገባ መሳቂያ ነን። አገኘሁ ብሎ መሮጥ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ ብሎ ማየት ነው።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

መጀመሪያ የቀናው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቶኩማ ነው። ቀዩን የሚሸጥ ኤሊ የሚባል ልጅ ነበር። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዶ ዳላስ የሚሠራ፣ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ። የሲፋንን ስም ሰምቶ የአገር ልጅ መሆኗን ካወቀ ወዲህ መደወሉን አላቆመም።

«ያ ጓደኛሽ ዛሬስ ስንቴ ደወለ?» ይላል ቶኩማ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«ሻጭ እንጂ ጓደኛዬ አይደለም።»

«ሻጭ ከሆነ አቶ ረጋሳን አይጠይቅም? ከፋዩ እሱ ነው።»

«የምሞክረው እኔ ነኛ!»

«እኔስ ምን ላደርግ ነው የተቀመጥኩት? አንድ ቀን እንኳ ‹ሃይ ቶኩማ› ብሎኝ አያውቅም።»

«ሃይ ቶኩማ» አለችው ድምፅዋን አወፍራ። ሳይፈልግ ሳቀ። ኤሊ ግን በማግስቱም ደወለ፤ የዚያን ቀን የቶኩማ እርሳስ ለሁለት ተሰብሮ ቅርጫት ውስጥ አገኘሁት።

አራተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ቅርጫት ላወጣ ስገባ ሲፋን ብቻዋን ነበረች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ ሙላው፣ ይምጡ። ሽማግሌ ይመስክርልኝ።»

ለሙከራ የተሰጣቸው ፓስወርድ ለሁለቱም አንድ ነበር። ሰማያዊውና ቢጫው የተጠየቁትን ይረሳሉ። ቀዩ ግን በገጹ ጎን የጠየቁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ሲፋን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች አነበበችልኝ።

«‹እጮኛን ከኢትዮጵያ ማስመጣት።› ‹በሁለት ዓመት ውስጥ በአካል ያልተያዩ እጮኛሞች።› ‹በሕመም ምክንያት አውሮፕላን መሳፈር የማይችል አመልካች።› አሥራ አንድ ጊዜ፣ ጋሼ! በምሳ ሰዓቱ! እኔ ሳንድዊቼን ላካፍለው ስጠብቅ እሱ ለካ እጮኛ ያስመጣል!»

«የደንበኛ ጉዳይ ይሆናል» አልኩ።

«የደንበኛ ፋይል የምከፍተው እኔ ነኝ። እንዲህ የሚል ፋይል የለም። ደግሞ ሕመም ይላል! በሬ የሚያህል ጤነኛ! ለሷ ሲል የሐኪም ወረቀት ሊያጽፍ እኮ ነው። ይሄን ያህል ይወዳታል ማለት ነው።»

ልጆቼ፣ እነዚያ አሥራ አንድ ጥያቄዎች የኔ ነበሩ።

ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ መስከረም አራት ዓመት በፊት ለወንድሜ ቀብር ናዝሬት ሄጄ እታፈራሁ የምትባል መበለት ተዋወቅሁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነበርን። እጮኛ ለማስመጣት በሁለት ዓመት ውስጥ በአካል መተያየት ግድ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ወገቤን ኦፐራሲዮን ተደርጌ ሐኪሙ ረጅም በረራ ከልክሎኛል። በስልሳ አንድ ዓመቴ «ሚስት ፈለግሁ» ብዬ ለማን ላውራ? ልጄ ሮዳስ ሜፕልዉድ ባለው ቤቷ የእናቷን ፎቶ ሳሎን ሰቅላለች። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ደግሞ ከመጸለዩ በፊት ይስቃል። ስለዚህ ቶኩማን ደረጃው ላይ ይዤ፣ እንደኔ ላለ ሰው የተፈቀደበት ፍርድ ካለ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት፤ «ለሰው ትንፍሽ ብትል አባት አልሆንህም» ብዬ አስማልኩት። የሽማግሌን ምስጢር የሚያወጣ ልጅ እሱ አልነበረም።

ያን ጊዜ ለሲፋን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቅርጫቱን አንስቼ ወጣሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ቶኩማ ሲመለስ እኔ ኮሪደሩን እወለውል ነበር። በሩ ክፍት ነው።

«ማናት?» አለችው።

«ማን?»

«ቀዩ ላይ የምትፈልጋት።»

ስክሪኑን አየ። ቀጥሎ በበሩ በኩል እኔን አየ። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ።

«የኔ አይደለችም፣ ሲፋን።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«ልነግርሽ አልችልም። ቃል አለብኝ። እመኚኝ።»

«እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት አምኜህ ነበር» አለችና ስልኩን አነሳች። የኤሊ ኩባንያ ዳታቤዙን ለአዳዲስ ደንበኞች የሚያስተምር ሰው ዳላስ ላይ ይፈልግ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቋት ሁለቱንም ጊዜ በሳቅ አልፋዋለች። አሁን ቶኩማ እያያት፣ «ኤሊ፣ ስለ ኦፈሩ ነው። ነገ አሥር ሰዓት ደውልልኝ። እሺ የምልህ ይመስለኛል» አለችው።

ደረጃው ላይ ቶኩማን አገኘሁት። አልወቀሰኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልናገርም» አለ። ሁለት ደረጃ ወረደና ቆመ። «ግን ዳላስ ሩቅ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ሜፕልዉድ ደወልኩና ለሮዳስ ነገርኳት። «ዳድ፣ ሴትዮዋ ሳቂታ ናት?» አለችኝ። «ናት» አልኩ። «እንግዲያው ሳይከፋህ ቆይ፤ እኔ ትንሽ ይከፋኝና ይለቀኛል» አለች።

ሱፌን ለብሼ ከሥራ ሰዓቴ ቀድሜ ቢሮው ገባሁ። ሲፋን ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እያደረገች ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

«ልጄ፣ እጮኛዪቱን አውቃታለሁ።»

እጇ ካርቶኑ ላይ ቀረ። «ማን ትባላለች?»

«እታፈራሁ።»

«ቆንጆ ናት?»

«ለኔ ቆንጆ ናት። ከፊት አንድ ጥርስ ይጎድላታል።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃምሳ ስድስት።»

ግንባሯን ቋጠረች። «ቶኩማ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ሊያገባ?»

«ሲፋን! እዚህ ሕንፃ ውስጥ ወገቡን የተሠራው ማነው? አውሮፕላን የተከለከለው ማነው?»

ሱፌን አየች። ወገቤን አየች። በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ዕንባ ሆነ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኔ አስምዬው። አንቺስ ምን ብለሽ ነበር ያስተማርሽኝ? አገኘሁ ብሎ መሮጥ የለም አላልሽኝም?»

«ውይ፣ ጋሼ» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ለካ ቢጫው እኔ ነኝ።»

ቶኩማ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ካርቶኑን አየና ሰላም ሳይል ቦታው ተቀመጠ። እሷም አፈረች። እኔ መስኮት የማጸዳ መስዬ ቆምኩ። የሱ ጣቶች ብቻ ኪቦርዱ ላይ ይሰማሉ። የቀዩ ሙከራ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃ ነበርና የቀረ ሥራ ያለው መሰለኝ።

ሲፋን ስክሪኗን አየች፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ በዓይኗ ጠራችኝ። በቀዩ ጎን፣ ከነዚያ አሥራ አንድ ጥያቄዎች በላይ፣ አዲስ ጥያቄ ገብቶ ነበር። በሹክሹክታ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«‹ቃሉን ሲጠብቅ የሚወዳትን ያስቀየመ ሰው፣ ይቅርታ።› ውጤት፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

ይቅርታ የሚል ነገር ቀዩ ውስጥ ሞልቶ ኖሯል። ገጹን ስታድሰው ሌላ መጣ።

«‹ሴንት ፖል የሚኖር ወንድ፣ ክሪስታል የምትኖር ሴት፣ ለማግባት የሚሞላ ፎርም።› ውጤት፣ ምንም አልተገኘም።»

ስልኩ ጮኸ። አሥር ሰዓት ነው፤ ኤሊ ነው። ቶኩማ መተየቡን አቆመ፤ ቀና ግን አላለም። ሲፋን ስልኩን እያስጮኸች በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ጻፈች። ለኔ አላነበበችልኝም፤ ደግነቱ አጭር ነበርና ራሴ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ፎርም አያስፈልግም። ሽማግሌ ይላክ።»

ከዚያ ስልኩን አነሳች። «ኤሊ፣ አመሰግናለሁ። አልመጣም።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ በኩል ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስቆ ይሁን አልቅሶ አልጠየቅሁትም። ሲፋን በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር አዳመጠችና፣ «ዳታቤዙንማ እንወስደዋለን» ብላ ዘጋች።

አቶ ረጋሳ ወንበር ሲወድቅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። «ወሩ አለቀ። የትኛውን መረጣችሁ?»

«ቀዩን» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«እኔም አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ የኢሚግሬሽን ውሳኔዎች አሉት። አንድ ቅር ያለኝ ግን አለ» አለ መነጽሩን እያወለቀ። «በዚያ ዋጋ ለየሰዉ የየራሱን ፓስወርድ አይሰጥም። ለሁለታችሁ አንድ ነው።»

ሲፋን ካርቶኑን ገልብጣ ዕቃዋን ጠረጴዛዋ ላይ መለሰች።

«እሱ ይበቃናል» አለች።

እኔም ሱፌን አላወለቅሁትም። በዚያው የቶኩማ ሽማግሌ ሆኜ ክሪስታል፣ የሲፋን እናት የአዴ ፋዮ ደጅ ሄድኩበት።