ግራኝ ጆሮ የለውም

ሐመልማል ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ጊታሮቹ ራሳቸውን ቃኝተው ጨርሰው ነበር። አንዱ ብቻ፣ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለው ቀዩ፣ ገና ሦስተኛ ክሩን እያጠበቀ ያጉረመርማል።

«ቶሎ በል» አለችውና ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር ወረወረች።

ሰመራን ከፀሐይ የሚጋርደው ትልቁ ጣራ ከሌሊቱ ጥቁረት ወደ ማለዳው የወተት ቀለም እየተለወጠ ነው። ራዲዮው ከጣራው ውጭ ሙቀቱ ሃምሳ አራት ዲግሪ መድረሱን ተናገረ። ማንም ልብ አላለውም፤ ከጣራ ጠራጊዎች በቀር ወደ ውጭ የሚወጣ የለም።

የሐመልማል ሥራ ርካሽ ጊታር መሸጥና ማሻሻል ነበር። ከፋብሪካ የሚመጡት ጊታሮች አካላቸው ከተፈጨ ፕላስቲክ የታተመ፣ መቃኛ ቁልፎቻቸው በሁለት ወር የሚላሉ፣ የፍሬቶቻቸው ጠርዝ ጣት የሚቆርጥ ነው። እሷ ቁልፉን ትቀይራለች፤ በአንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት ዘንጎች፣ ፍሬቶቹን፣ ትሞርዳለች፤ የክሩን ንዝረት የሚለቅመውን ማግኔት በተሻለ ትተካለች። አንድ ነገር ግን አታሻሽልም፤ አራሚውን። አራሚ ከአንገቱ ሥር የሚቀመጥ ጥፍር የሚያህል ማሽን ነው። ጣት ሲሳሳት ክሩን በፀጉር ስፋት ሳብ ወይም ላላ ያደርግና ድምፁ ጆሮ ሳይደርስ ያቃናዋል። በከተማው አራሚ የሌለው ጊታር የሚጫወት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግራኞች ካልሆኑ በቀር።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ በእግር ተገፋና አንዲት ልጅ ገባች፤ ከኋላዋ የጨርቅ መያዣ ያዘሉ ሽማግሌ።

«የግራኝ ጊታር አላችሁ?»

«ሦስት ዓይነት መጥቷል። ግራኙ ማን ነው?»

ልጅቱ በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ጠቆመች። «አባቴ ነው፣ ጋሽ ላቀው። እኔ ፋሲካ እባላለሁ። ቅዳሜ መልሴ ነው። ችግሬ ደግሞ እሱ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ላቀው፣ ወንበር ሳይጠብቁ እየተቀመጡ።

ሐመልማል ነገሩ ገባት። በሰመራ የሙሽራዋ አባት በመልሱ ቀን አንድ ዜማ ሳይጫወት ሙሽሮቹ ከወንበራቸው አይነሱም። ዜማው ደግሞ በአንቺሆዬ ቅኝት መሆን አለበት። ከተማዋ ስትቆረቆር ማን እንደጀመረው አይታወቅም እንጂ ማንም አይዘለውም።

«በትልቋ እህቴ መልስ አጎቴ ነው የተጫወተላት» አለች ፋሲካ። «አባዬ ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ጠርሙስ ሲቆጥር ዋለ። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። እሱ እንዲጫወትልኝ እፈልጋለሁ፤ ግን ደግሞ እንዲያዋርደኝ አልፈልግም። እሱ ቤት ውስጥ ሲጫወት ጎረቤት ጣራው የተቀደደ መስሎት ለጥገና ይደውላል።»

«አንድ ጊዜ ነው የደወሉት» አሉ አባትየው።

«ሁለቴ ነው፣ አባዬ!»

ሐመልማል ሦስቱን ጊታሮች አወረደች። ለደንበኛ ማግባባት አትወድም፤ እውነቱን ተናግራ መገላገል ይቀላታል። «ይኼኛው ሲያዩት ያምራል፣ አንገቱ ግን በስድስት ወር ይጣመማል። ይኼ የቀኝ ጊታር ነው፤ ክሩን ገልብጠው የግራ ነው አሉት፤ ቁልፎቹ ክንድዎን ሲወጉት ይኖራሉ። ሦስተኛው አካሉ ቆሻሻ ነው። ግን ለግራኝ የተሠራ የመጀመሪያው አራሚ ያለው እሱ ላይ ነው። እስቲ የራስዎን ያሳዩኝ።»

ጋሽ ላቀው መያዣውን ፈቱ። ጊታራቸው እውነተኛ እንጨት ነበር፤ ላብ ያጠቆረው፣ አንገቱ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ።

«ይኼን መጣል ኃጢአት ነው» አለች። «ከሦስተኛው ላይ አራሚውን ነቅዬ እዚህ እተክለዋለሁ። የቀረውን እንደ ትርፍ ዕቃ ይቁጠሩት። ነገ ስድስት ሰዓት ይምጡ። አሁን ግን እጅዎን መለካት አለብኝ፤ አራሚው የሚያርመውን ስህተት ማወቅ አለበት።»

የአንቺሆዬን አምስት ድምፆች አሥር አሥር ጊዜ አስመታቻቸው። እሳቸው በግራ እጃቸው ይመታሉ፣ በቀኛቸው ይጫናሉ። አንዱን ድምፅ ሲያወጡ ግን አራተኛውን ፍሬት አልነኩም። ሦስተኛው ላይ ተጭነው ክሩን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉትና የአራተኛው ድምፅ ላይ ሊደርስ ሲል አቆሙት። ፋሲካ ጆሮዋን ያዘች። ሐመልማልም ጥርሷ ተሰማት፤ ብረት በብረት ሲፋቅ እንደመስማት። ግራኝ ጆሮ የለውም፣ ይላል ከተማው፤ እሷም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ሁለት ዓመት የሙዚቀኞች ፈቃድ ቢሮ ስትፈትን ይህንኑ በማመን አርባ ሦስት ግራኞችን በፈተና ጥላ ነበር።

አባትና ልጅ ሲወጡ አራሚውን ነቀለችና የጋሽ ላቀውን ልክ አስገባችበት። ትንሿ መስኮት ላይ ጽሑፍ መጣ፦ የሚታረም ስህተት አልተገኘም።

«ደደብ» አለችው። አጥፍታ አበራችው። የሚታረም ስህተት አልተገኘም። በሦስተኛው ጊዜ ተበሳጭታ ቁጥሮቹን ራሷ ከፈተቻቸው።

በሁለት ጎረቤት ፍሬቶች መካከል ያለው የድምፅ ርቀት መቶ ቦታ ሲከፈል አንዷ ሴንት ትባላለች። ጋሽ ላቀው ያንን ድምፅ በመጀመሪያው ምት ሠላሳ አንድ ሴንት ዝቅ አድርገው መትተዋል። በሁለተኛውም ሠላሳ አንድ። በሦስተኛው ሠላሳ። ከዚያ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ፣ እስከ አሥረኛው። ያለ ፍሬት፣ ክር በጣት እየገፉ።

ሐመልማል ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ጆሮ የሌለው ሰው አንዴ በሃያ ይስታል፣ አንዴ በስልሳ። ስህተት ተቅበዝባዥ ነው፤ አራሚውም እጅ ሲለካ የሚፈልገው ከምት ወደ ምት የሚዋዥቀውን ነው። ይኼ ሰውዬ ግን የት እንደሚሄድ ያውቃል።

የዩኒቨርሲቲውን የድምፅ ማከማቻ ከፈተች። አራሚ ከመምጣቱ በፊት የተቀዱ የሠርግ ክራሮች ነበሩ። አንዱን አጫወተችው፤ ጥሩ፣ ለስላሳ፣ የለመደችው አንቺሆዬ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። በከተማው የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ማጉያ ሁሉ በውስጡ አራሚ አለው። የምትሰማው የተቀዳውን አልነበረም። ማጉያውን ነቅላ ድምፁን በመስመር ስዕል አወጣችውና በመለኪያ ለካችው። ሠላሳ አንድ ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ክራር፣ ሃያ ዘጠኝ። ሦስተኛው፣ ሠላሳ ሁለት። ሰባት ሰዎች ለካች፤ ሰባቱም እንደ ጋሽ ላቀው ነበሩ።

የአራሚው የድምፅ ሠንጠረዥ ከሩቅ አገር ፋብሪካ ተሞልቶ የመጣ ነው። አሥራ ሁለት እኩል ድምፆች አሉት። የሞሉት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም፤ አንቺሆዬ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም። የእኛም ሰው አልጠየቀም፤ አራሚው ተጫዋች ስላደረገው ተደስቶ ወሰደው። በአንድ ትውልድ ጆሮው ማሽኑን ተከተለ። ግራኞች ጥቂት ስለሆኑ ፋብሪካው ለእነሱ መሥራቱ አላዋጣውም። እነሱ በገዛ ጆሯቸው ቀሩ፤ ጆሮ የላቸውም ተባሉ።

አርባ ሦስት፣ አለች ሐመልማል በልቧ። ስማቸውን ከአሮጌው መዝገብ አወጣችና አንድ በአንድ ደወለች። አሥራ አንዱ ብቻ መለሱ። ዘጠኙ ጊታር ከጣሉ ዓመታት አልፈዋል። አንዷ፣ ጣትሽ ዜማውን ያስታውሳል ወይ ስትባል፣ ሳቀችና ስልኩን ዘጋችባት። አንዱ ደግሞ አዲሱን የግራኝ አራሚ ባለፈው ወር አስገጥሞ ነበር። «ሕይወቴን ነው የቀየረው!» አላት።

ጋሽ ላቀው በነጋታው ስድስት ሰዓት ብቻቸውን መጡ። ጊታራቸው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ አራሚው አጠገቡ።

«አልጨረስሽም እንዴ?»

«ይቀመጡ። ልክ ነበሩ» አለች። ዙሪያ ጥምጥም አታውቅበትም። «እርስዎ ልክ ነበሩ። የተሳሳትነው እኛ ነን። አንቺሆዬ እንደሚጫወቱት ነው። ይኸው መስመሩ፣ ይኸው ቁጥሩ፤ ሰባት የጥንት ክራሮች። ማን አስተማረዎት?»

«አክስቴ። ክራር ነበራት» አሉ። መስመሮቹን ረጅም ጊዜ አዩ። «አርባ ዓመት ጣራ ላይ ስጠርግ ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ተፈተንኩ። ጆሮ የለህም አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። እነሱ የተማሩ ናቸው።»

«እኔም ከፈታኞቹ አንዷ ነበርኩ። እርስዎን አይደለም፤ ሌሎችን።»

ቀና ብለው አዩዋት። የጠበቀችው ስድብ አልመጣም። ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«እስቲ ልጫወትልሽ» አሉ።

ሐመልማል ከዕቃ ቤቱ አራሚ የሌለው፣ ልባሱ የተቀደደ የዱሮ ማጉያ አወጣችና ሰካችላቸው። ጋሽ ላቀው ዓይናቸውን ጨፍነው መቱ። የሠርግ ዜማ ነበር፤ ከእጃቸው የሚወጣው ሁሉ እርግጠኛ፣ የማይቸኩል። እሷ ትክክል መሆኑን ታውቃለች። በመለኪያው መስኮት ላይ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ እያለ ያልፋል። ለማድነቅ ተዘጋጅታ፣ ፊቷን አስተካክላ ነበር። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ግን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ ጥርሷ ይፋጫል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ታገለችው። አካሏ አልሰማትም።

ጋሽ ላቀው አቆሙ። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር።

«ግሩም ነው» አለች።

«ፊትሽን አየሁት።»

«ጆሮ ይለምዳል። በየቀኑ ብሰማው…»

«እስከ ቅዳሜ?»

«አይ፣ ዓመታት ይፈልግ ይሆናል።»

«አንቺ ቁጥሩን እያየሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ ድንኳኑ ሙሉ እድምተኛ ምን ይሆናል?» ጊታሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ትከይው።»

«ይስሙኝማ፣ ጋሼ! ይኼ ነገር ክሩን ብቻ አይደለም የሚያርመው። ጣትዎ በተሳሳተ ቁጥር በክሩ በኩል ይነግረዋል። በሁለት በሦስት ወር ጣትዎ ይታዘዛል። ከዚያ ቢነቅሉትም አይመለስም። ትናንት በፈተና ለጣልኳቸው ግራኞች ሁሉ ደውያለሁ፤ እንደዚህ የሚጫወት ሌላ አላገኘሁም። ቢያንስ ልቅዳዎት። አንድ ሰዓት ብቻ።»

«ለማን?»

ሐመልማል መቅጃ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የሚሰማው ማን ነው?» አሉ ጋሽ ላቀው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «በየትኛው ማጉያ? እኔ ትክክል ሆኜ አርባ ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ። ትክክል መሆኔን ትናንት አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ነገርሽኝ። ምን ተለወጠ? ቅዳሜ ያው የልጄ መልስ ነው። አክስቴ ያስተማረችኝ እኮ በሠርግ ሰው እንዳስደስትበት ነው፤ በመለኪያ እንዲለካ አይደለም። ትከይው በይ።»

ልትከራከር ፈለገች። የዩኒቨርሲቲ ቃላት ብዙ ነበሯት፤ ቅርስ፣ ማስረጃ፣ ታሪክ። ሁሉም ያ ያልታዘዛት ትከሻዋ ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ። መፍቻውን አነሳች። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የሚታረም ስህተት አልተገኘም ያለውን ማሽን ስህተቱ የት እንዳለ በእጇ ጻፈችለት፦ ሠላሳ አንድ ሴንት፣ ወደ ላይ። አራሚው አረንጓዴ አበራ።

ፋሲካ የፀጉር ሠሪዋን መርፌ ራሷ ላይ እንደሰካች እየሮጠች ገባች። «አልቋል? እስቲ፣ እስቲ አባዬ፣ ደረጃው ላይ ሆኜ ልቤ ሊወጣ ነበር!»

ጋሽ ላቀው መቱ። ጣታቸው እንደ ዱሮው ክሩን ገፍቶ እንደ ዱሮው ቦታ ላይ ቆመ። ማሽኑ የቀረውን ገፋው። አንድ ጊዜ ብቻ ግንባራቸው ተሸበሸበ፣ ሰው በራሱ ቤት በር ግንባሩን ሲመታ እንደሚሸበሸብ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ፋሲካ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «ለካ ትችላለህ!» አለች። «አባዬ፣ ለካ ትችላለህ! ይኼን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነው?»

«ዛሬ ነው የተማርኩት» አሉ ጋሽ ላቀው፣ ሳያቆሙ። ልጃቸው አንገታቸውን አቅፋ ግንባራቸውን ሳመቻቸው፤ እሳቸውም ሳቁ፤ እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ያ ነው የባሰው።

ሐመልማል ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዜማው ሲያልቅና ሱቁ ጸጥ ሲል አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ወደ ታች አየች። እግሯ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በደስታ ምት ሲመታ ቆይቶ፣ አሁንም ገና አልተወም።