በስልክ አይነገርም

አርብ ከሰዓት፣ ቤርሸባ ላይ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሊያን ለትምህርት ቤት የታዘዘችውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችው። ዓይኗ ግን አልታዘዝ አላት። ከመስመር መስመር እየዘለለ ዋናውን ነገር ብቻ ያድናል። አውራ ጣቷም ሳታስበው ወረቀቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ስልክ ይመስል። ትንሽ ልጅ ሳለች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዛ ከተቀመጠች ሳትጨርስ አትነሳም ነበር፤ አሁን ግን ማንበብ የጠፋባት መስሏት ፈራች። እሑድ ደግሞ ክፍል ሲገባ መምህርት ኬረን ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ስለ መጽሐፉ ትጠይቃለች።

ቢቸግራት ስልኳን አንስታ የመጽሐፉን ታሪክ ፈለገች። ሁለት መስመር ማጠቃለያ፣ በዕብራይስጥ «ሲኩም» የሚሉት፣ ብቅ አለላት። ሸመደደችውና ስልኩን ለሰንበት አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አያቷ እማማ ትዋብ ሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩዋት ቆይተው ነበርና መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠየቋት። ዕብራይስጥ ማንበብ ባይችሉም ወሬ ይወዳሉ።

«ስለ አንድ ልጅና ስለ አንድ ሽማግሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው» አለች ሊያን። «መጨረሻ ላይ ሾፌሩ ይሞታል። ዜሁ፣ አለቀ።»

እማማ ትዋብ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሰውየውን ገና ሳላውቀው ገደልሽብኝ።»

ሊያን ሳቀች፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። አምና ወንድማቸው አባባ ይግዛው ሲያርፉ ቤቱ እንዴት እንደነበር ሊያን ታስታውሳለች። ወሬው የደረሰው በሰንበት ዋዜማ ነው። እናቷ ስልኩን ዘግታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ለእማማ ትንፍሽ አላለም። ሰንበት ካለፈ፣ ዘመድ ከአሽዶድም ከኔታንያም ከተሰበሰበ በኋላ፣ ማለዳ ላይ ሰው ግራና ቀኝ ደግፏቸው ተነገራቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እማማ ትዋብ ወንበር ሳቡ። «በይ ከሥሩ ንገሪኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ሊያን በዕብራይስጥ እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስላቸው ጀመር። መዝለል የሚባል ነገር የለም፤ ከዘለለች እማማ ይይዟታል። ልጁ ቁርሱን በልቶ ነው የወጣ? ሾፌሩ ሚስት የለው? አውቶቡሱ በዋናው ጣቢያ፣ በታሃና መርካዚት፣ በኩል ያልፋል? አማርኛው ሲጠፋባት በእጇ ታሳያለች፣ እማማም ቃሉን ያቀብሏታል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ሊያን ደስ አላት። የቤርሸባ ፀሐይ ከመስኮቱ መቼ እንደሸሸች እንኳ ልብ አላለችም፤ አውራ ጣቷም አርፎ ተቀምጧል።

ከዚያ ሾፌሩ ማሳል ጀመረ። ልጁን ፌርማታዎቹን ሁሉ በቃሉ አስጠናው። አንድ ቀን፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ካፖርቱን አውልቆ ለልጁ ደረበለት።

«ካፖርቱን ሰጠው?» አሉ እማማ ትዋብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲያስ መጽሐፉ ለመርዶው እያዘጋጀን ነው።»

ሊያን ቀና ብላ አየቻቸው። መጨረሻውን ታውቀዋለች፤ ሆኖም የካፖርቱን መስመር መልሳ አነበበችው። ሲኩሙ ውስጥ ካፖርት አልነበረም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀራቸው መሸ፣ ሰንበትም ወጣ። ሊያን ስልኳን ስትከፍት ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው የክፍል ጓደኛዋ ኦምሪ፣ እንደ እሷው አማርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገው፣ ጽፎላት አገኘች። መጽሐፉን ገልጦም አያውቅም። «መጨረሻው ምንድን ነው? በሁለት መስመር ላኪልኝ፣ በእናትሽ።»

ሁለቱ መስመሮች አሁንም ከአእምሮዋ አልወጡም። ልትጽፍ ጀመረችና ተወችው። እማማ ትዋብ ገጹ እንዳይጠፋ መዳፋቸውን መጽሐፉ ላይ አሳርፈው ይጠብቋታል።

«በስልክ አይነገርም፤ ና» ብላ ላከችለት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ማን ሞተ?»

ሊያን ፈገግ አለች። ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ከተተችና ሌላ ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።