ሠላሳ አንደኛው ጨዋታ

«እኔ እዚያው ነበርኩ። ከመረቡ ኋላ ቆሜ።»

«ማንም አልጠየቀሽም፣ ኔታ።»

«አለመጠየቅህ እኮ ነው የሚገርመኝ።»

ኢሽቤል ይህን የሰማችው ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። በአያቷ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ካልሲዋን ልታወልቅ ይሁን ልታጠልቅ ዛሬ አታስታውስም። ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደተከተለ ጠፍቶባታል። የቀረላት የሁለቱ ድምፅ፣ በኃይል የተቀመጠ ስኒ፣ ከዚያ ደግሞ እትዬ ኔታ ሻርፓቸውን ረስተው ሲወጡ ነው። አያቷ ሻርፑን በጥንቃቄ አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት። በሚቀጥለው ሐሙስ እትዬ ኔታ እንደ ወትሮው መጡ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሻያቸውን ጠጡ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ነገሩ ትዝ ብሏት አያውቅም። ትዝ እንዲላት ያደረገው ነገር የተጀመረው ጓደኛዋ ክርስቲ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ «ኢሽ፣ ሼባው ተሳስተዋል!» ያለቻት ዕለት ነው።

«ማን? አያቴ?» ኢሽቤል ሳቀች። «አትቀልጂ ባክሽ።»

«ነይ እዪዋ! በዚያ ዓመት ሊጉ ውስጥ ዐሥራ ስድስት ክለብ ነበር። የኛ ክለብ ከዐሥራ አምስቱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወት ስንት ይመጣል?»

«ሠላሳ።»

«አያትሽ ሠላሳ አንድ ጽፈዋል።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውጭ የባሕር ወፎች የአንዱን ተማሪ ሳንድዊች ነጥቀው ይጣሉበታል። የከተማቸው ክለብ ኢንቨርካርን ቲስል መቶ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ ለበዓሉም እያንዳንዱን የውድድር ዘመን በየገጹ የያዘ መጽሐፍ ይታተማል። ኢሽቤል ከአያቷ መዝገብ ትተይባለች፤ ክርስቲ ድምሩን ታመሳክራለች። ማተሚያ ቤቱ ሥራው እስከ ዓርብ ካልደረሰው ለበዓሉ እንደማያደርስ ቁርጡን ተናግሯል።

የኢሽቤል አያት ዋቲ ፊንድሌይ መዝገቡን ከአባታቸው የተረከቡት በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ የአባታቸው ዓይን ሲደክም። ቅዳሜ ከሜዳ እንደተመለሱ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ሻይ ሳይቀምሱ ይጽፋሉ፦ ተጋጣሚው፣ ውጤቱ፣ ጎል ያገባው፣ አየሩ። ከቀለም በቀር አይጻፍበትም፤ የተጻፈም አይፋቅም። ስህተት የተገኘ እንደሆነ በማስመሪያ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ የሰረዘው ሰው ይፈርማል፤ ከሥሩም አንድ ምስክር ይፈርማል። ሕጉን ያወጡት አባትየው ናቸው። ዋቲም አንድ ቀን አልጣሱትም። በመጠጥ ቤት ሁለት ሰዎች ስለ ድሮ ጨዋታ ሲከራከሩ ሦስተኛው «ዋቲ ጋ ደውሉ» ይላል። ዋቲ ካሉ አለቀ።

ሁለቱ ልጃገረዶች የ1970–71ን ገጽ መስመር በመስመር አመሳከሩት። ሁሉም ከሊጉ ዝርዝር ጋር ገጠመ፤ ከአንዱ በቀር።

«ኤፕሪል 3። ከግሌንሻው ጋር፣ በሜዳችን። 1 ለ 0። ጎል፦ ዶድ ፊንድሌይ፣ በግንባር። ጉም።»

«ከግሌንሻው ጋር እኮ ሜይ ላይ ደግሞ አለ» አለች ክርስቲ። «በሜዳችን፣ 0 ለ 2። አንድ ቡድን በአንድ ዓመት ሁለቴ ሜዳችን አይመጣም። ዶድ ማነው?»

«የአያቴ ታላቅ ወንድም።»

ዶድን የምታውቀው ከምድጃው በላይ ባለችው ፎቶ ነው፤ ቀይ ማሊያ የለበሰ፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ፣ ሃያ ዓመት የሆነው ሳቂታ። ወደቡ አጠገብ ባለው የድንጋይ ሐውልት ላይ ደግሞ ከሰባቱ ስሞች አራተኛው የእሱ ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደው የዚያን ሰሞን ጋዜጣ አስወጡ። ዜናው ከጣት አይረዝምም። ቲስል 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ከባሕር በተነሣ ጉም የተነሣ ዳኛው በሰባ አራተኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቋርጧል፤ ውጤቱ አይጸናም፤ ጨዋታው በሌላ ቀን እንደ አዲስ ይደረጋል። ኢሽቤል ገጾቹን ገለጠች። ከጨዋታው በኋላ በዐሥራ አንደኛው ቀን የወጣው ጋዜጣ የፊት ገጹ በሙሉ ከሰባት መርከበኞቿ ጋር ስለሰጠመች አንዲት የዓሣ ጀልባ ነበር። ክርስቲም አብራት አነበበች፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም።

«የተቋረጠ ጨዋታ ጎል አይቆጠርም አይደል?» አለች በመጨረሻ፣ ዝግ ብላ።

«አይቆጠርም።»

«እንግዲያው አጥፊው። ወይም ተዪው። ማን ቁጭ ብሎ ይደምራል?»

«አንቺ ደምረሽ የለ?»

ማታ ኢሽቤል ኮምፒውተሯን ከፈተች። በመፈለጊያው ላይ «ዶድ ፊንድሌይ» ብላ ጻፈች። ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ። መስመሩን አጥፍታ እንደገና ፈለገች፤ «አልተገኘም» አላት። መለሰችው። አያቷ አይሳሳቱም። ካልተሳሳቱ ደግሞ እያወቁ ነው የጻፉት። ሳትነግራቸው ብታጠፋው መጽሐፉን ሲገልጡ የወንድማቸውን ስም ያጡታል፤ ብትተወው ደግሞ «ዋቲ ካሉ አለቀ» በሚባልበት ከተማ ውሸት ይታተማል። ከመተኛቷ በፊት እናቷ ያስተማረቻትን ጸሎት ደገመች፤ «አሜን» ከማለቷ በፊት ግን ሐሳቧ ወደ ጉሙ ሄደ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አያቷ ቤት ገባች። እትዬ ኔታ ቀድመዋታል። ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑን መቅረዞች ወልውለው ሲያበቁ ትኩስ የስኮን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። በወጣትነታቸው የዶድ እጮኛ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አላገቡም።

«መጣች ጸሐፊያችን!» አሉ ዋቲ። «ጨረስሽ?»

«አንድ መስመር ቀርቶኛል፣ አባባ።»

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ገለጠችላቸው፤ የጋዜጣውን ቅጂ ከጎኑ አኖረች። ዋቲ መነጽራቸውን አላነሡም። ገጹን ሳያነቡት ያውቁታል።

«ደረስሽበት» አሉ።

«ክርስቲ ናት የደረሰችበት። በድምር።»

«ያቺ ልጅ ጅብ ናት፤ አጥንት አይቀራትም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከዚያ በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ደባበሱ። «ያን ቀን ማታ ጻፍኩት። እንደ ደንቡ፣ ኮቴን ሳላወልቅ። ሰኞ ዕለት ሊጉ 'አይቆጠርም' ብሎ ላከ። ማስመሪያውን አነሣሁ። ዶድ እጄን ያዘኝ። 'ቆይ፣ አትሰርዛት' አለኝ፤ 'በድጋሚው ጨዋታ ሌላ አገባልሃለሁ፣ ያኔ ይቺን ትሰርዛታለህ።' እሺ አልኩት።» የጋዜጣውን ቅጂ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ድጋሚው ሲደርስ እሱ የለም።»

የሻዩ ማንቆርቆሪያ መንጫጫት ጀመረ። ማንም አልተነሣለትም።

«ሌላም አለ» አሉ ዋቲ፣ ወደ ጋዜጣው እያዩ። «እኔ ጎሏን አላየኋትም። በወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ፤ በዚያ ጉም እጄንም አላይ። ጩኸት ሰማሁ፤ 'ዶድ ነው! ዶድ ነው!' አሉ። እሱም በግንባሬ ነው አለኝ፤ በግንባር ብዬ ጻፍኩ። በኋላ መጠጥ ቤት ውስጥ አንዳንዱ 'የግሌንሻው ተከላካይ ነው በራሱ ላይ ያስቆጠረው' ሲል ሰማሁ። እንግዲህ አርባ ስምንት ዓመት ይዤው ዞርኩ።»

ያኔ ነው ኢሽቤል ደረጃው ላይ የተቀመጠች ያህል የተሰማት። ስኒው፣ ሻርፑ፣ ሁለቱ ድምፆች።

«እትዬ ኔታ» አለች ቀስ ብላ፤ «እርስዎ ያን ቀን ከመረቡ ኋላ ነበሩ። አይደል?»

ዋቲ ብድግ ብለው ወደ ማንቆርቆሪያው ሄዱ። እትዬ ኔታ በጨርቁ ጫፍ የሌለ ፍርፋሪ ጠረጉ።

«ነበርኩ፣ ልጄ። ከጠየቀኝ አልዋሽም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ካልጠየቀኝ ግን አልናገርም። ያኛውም ቃል ነው።» ከዚያ ወደ ዋቲ ጀርባ ዞሩ። «ልናገር?»

ዋቲ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆሙ። ትከሻቸው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ኢሽቤል የፈሩት ምን እንደሆነ ገባት፤ ወንድማቸው ከነጭራሹ ጎል አላገባም ቢባሉስ?

«ተናገሪ» አሉ።

«የማዕዘን ምት ነበር። ኳሷ ከጉሙ ውስጥ ዱብ አለች፤ በረኛቸው አላያትም፣ ዶድም አላያትም። ዘሎ ሊመታት ሲል ጭቃው አዳልጦት በመቀመጫው ዘጭ! ኳሷ መጥታ አናቱን ሳይሆን ... እንግዲህ ይቅር ይበለኝ ... ቂጡን መታችው።»

«ምኑን?» አሉ ዋቲ፣ ሳይዞሩ።

«የሰማኸውን! ከዚያ ተንከባለለች። ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ። እኔ 'አባታችን ሆይ' ብዬ ጀምሬ እስከ 'የዕለት እንጀራችን' ደርሻለሁ። መስመሩን አለፈችና ቆመች። መረቡንም አልነካች። ከእሷ በስተቀር ማንም አልነካትም ... ማለቴ፣ ከእሱ ... ከዚያ ከነገርኩህ ቦታ በስተቀር።»

ኢሽቤል አፏን በእጇ ያዘች።

«ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ጉም ውስጥ ሁለታችን ብቻ የነበርን ይመስል ነበር። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና 'ኔታ፣ በእግዜር፣ ለዋቲ እንዳትነግሪው! በግንባሬ ነው የማስጽፈው' አለኝ።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ፤ መልሰው አቀኑት። «እንግዲህ እኔን ያስማለኝ የመጨረሻ ነገር እሷ ናት። ሌላ አላስማለኝም።»

ዋቲ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኢሽቤል የሚያለቅሱ መስሏት ልትነሣ ስትል ዞሩ፤ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር።

«ያ ቀጣፊ!» አሉ። «'ከበረኛው ራስ በላይ ዘለልኩ' ብሎኛል እኮ! ለአባቴ ሦስት ጊዜ ተርኮለታል!»

«እኔን ደግሞ አጠገቡ አስቁሞ።»

ሳቁ ሲበርድ ኢሽቤል ወረቀቷን አወጣች። «አባባ፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ 'የተቋረጡ ጨዋታዎች' የሚል ገጽ አለ። እስካሁን ሦስት አሉ፤ ሁለቱ በበረዶ፣ አንዱ መብራት ጠፍቶ። የግሌንሻው አራተኛው ይሆናል። ቀኑ፣ ደቂቃው፣ ጉሙ፣ ያገባው ሰው ይጻፋል። ከድምሩ ግን ይወጣል።»

«ስሙ ይኖራል?»

«ይኖራል። ፈልጌው አይቻለሁ፤ አንድ ይላል። ከዚያም በኋላ አንድ ይላል።»

ዋቲ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የጻፈው ቀለም ወደ ቡናማ ዞሯል። አውራ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ቆዩ።

«'ሌላ አገባልሃለሁ' ብሎኝ ነበር» አሉ።

እትዬ ኔታ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ከጎናቸው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ብዕራቸውንም አወጡና ክዳኑን ከፍተው ያዙ።

«'በግንባር' የምትለዋ ብትቆይስ?» አሉ ዋቲ። «ለክብሩ ያህል።»

«ዋቲ!»

«እሺ፣ እሺ።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ኢሽቤል፣ መሳቢያው ውስጥ የአባቴ ማስመሪያ አለ፤ አምጪልኝ። መስመሩን እኔ አሰምራለሁ። ኔታ በምስክርነት ትፈርማለች። አንቺ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ ኔታ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊው፤ ጭቃውንም፣ ቂጡንም፣ ሁሉንም።»