ደረቁ ጨርቅ

ሰፈሩ «ብሩሼ» የሚለው ሽማግሌ ታፔላ ጻፊ ጠዋት ከመሰላል ሥር፣ ለግንባታ በተደፋ አሸዋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ በእጁ የጻፈው የምርጫ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የሙጫው ባልዲና ብሩሹ አጠገቡ ወድቀዋል። የማስታወቂያው ጥቁር ፊደላት ወደ ታች ፈስሰው ነበርና አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤቱ፣ «ወረቀቱ እንኳ አለቀሰለት!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ሰፈሩ ግን ፖሊስ ሳይመጣ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሽማግሌውን መሰላል ላይ ሰቅላ የገደለችው የእህቱ ልጅ፣ ለምክር ቤት የምትወዳደረው መምህርት ናት ተባለ። ተፎካካሪዋ ፊቱ በየመስቀለኛ መንገዱ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ስለሚበራ «ባለመብራቱ» ይባላል። እሷ መብራት ቀርቶ ወረቀት እንኳ አትገዛም። የባለመብራቱ ሰዎች በማተሚያ ቤት ደጃፍ የሚጥሉትን የተበላሸ ማስታወቂያ ትለቅማለች፤ ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረው አጎቷ ደግሞ ጀርባው ላይ ይጽፍበታል። ሙጫው ከዳቦ ቤቱ ጥራጊ ዱቄት ይፈላል። ወረቀቱ ሲለጠፍ የባለመብራቱ ፊት ወደ ግድግዳው ስለሚዞር ሰፈርተኛው «ዛሬም ግድግዳ ሲስም ዋለ» እያለ ይስቅ ነበር። ዛሬ የሚስቅ አልተገኘም።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ ጥያቄዋም ሳይሰማ ነው የሚገባው። አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጭንቅላት አየች። ከኋላ በቀጥተኛ መስመር ተሰንጥቋል። ቀጥላ ክንዷን አሸዋው ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ክርኗ ሰጠመ። በመጨረሻ ከሟቹ ኮት ኪስ አንድ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ታጥፎ የተቀመጠ፣ ንጹሕና ደረቅ ነበር። በከረጢት ከተተችው።

የዘመቻው ቢሮ ከግድግዳው ጥግ ያለች፣ ድሮ የልብስ ስፌት ቤት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። ወደ እሷ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። መምህሯ ከወረቀት ክምር አጠገብ ተቀምጣለች።

«ኢንስፔክተር፣ አይድከሙ። የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ረዳቷ ፖሊስ ብድግ አለ። ወስፌ በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችው።

«እንዴት አድርገሽ?»

«በስስቴ። ለጣፊ ቅጠሪ እያሉ ሲመክሩኝ፣ እኛው በእጃችን ካልሠራነው ከባለመብራቱ በምን እንለያለን አልኩ። አጎቴን ጉልበቱን ስለሚያመው መሰላል እንዳትነካ ብዬ አስምዬው ነበር። ሰው ቢያጣ ነው የወጣው። እኩለ ቀን ላይ ምርጫ ቢሮ ሄጄ ስሜን አሰርዛለሁ። በሬሳ ላይ ቆሜ ድምፅ አልለምንም።»

«ይሄ ጨርቅ የማን ነው?»

«የሱ ነው። ሁላችንም አለን፤ ያለሱ አይለጠፍም።»

«ባልዲውና ብሩሹ የት ያድራሉ?»

«እዚሁ፣ ተቆልፎባቸው። ቁልፉ ያለው እኔ፣ አጎቴና አስተባባሪያችን ጋ ብቻ ነው።»

አስተባባሪው ደልደል ያለ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ጎልማሳ ነው። ከዚህ በፊት በሌሎች ሰዎች ዘመቻ ሠርቷል፤ እዚህ ግን በነጻ ነው የማገለግለው ብሎ ነው የገባው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«አባባ ነበር የምለው» አለ። «ስንቴ ከመሰላል ላይ አውርጄዋለሁ! ለእሷ እንዳትነግርብኝ ይለኛል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበርክ?»

«ማዶ ሰፈር ስለጥፍ። ማዶ ሰፈርን ከመነሻው ለብቻዬ ነው የያዝኩት። ስንቱን ግድግዳ በዚህ እጄ አለበስኩት!»

ዳቦ ጋጋሪዋ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። «እማማ፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር አሉ» አለቻቸው።

«በአይጥ ነው፣ ልጄ! ሙጫው አይጥ ጠራብኝ። ግን ትናንት ታረቅን። አመሻሽ ላይ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ፊቱ ጠቁሮ ከሩቅ መንገድ መጣ። ምን ልታይ ሄደህ ነው ብለው፣ ‹ልጆቼን› አለኝ። ‹ሁሉንም አጣኋቸው› ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ሰውዬው እኮ ልጅ የለውም! ሞት ሲጠራው ቃዥቶ ነው ብዬ ዛሬ እንባዬ መጣ።»

ወስፌ ቀጥላ ወደ ባለመብራቱ የዘመቻ ኃላፊ ሄደች። መኪናው ማዶ ሰፈርን አቋርጦ ሲያልፍ መስኮቱን ከፍታ ግድግዳዎቹን እያየች ነበር። ኃላፊው በመስታወት ፎቅ ላይ፣ ሦስት ስልክ ደርድሮ ተቀብሏታል።

«ሙጫ?» ብሎ ሳቀ። «እኛ ለእሱ ድርጅት ቀጥረናል። እኔን ባልዲ ተሸክሜ ስዞር ይታይዎታል?»

«ማዶ ሰፈር ላይ እንዴት ናችሁ?»

«ማዶ ሰፈርማ የኛ ነው። የሴትዮዋን አንዲት ወረቀት አያገኙም።» ይህን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ወስፌ ወረቀት ስላለመኖሩ አልጠየቀችውም ነበር።

«ተነሱ፣ አብረን እንሂድ» አለችው። «ብዙ አላቆይዎትም።»

እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አራቱንም ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። መምህሯ ሰዓቷን ታያለች። ረዳቱ የሙጫ ባልዲ፣ ብሩሽና ብሩሼ የጻፋቸውን ጥቂት ወረቀቶች ይዞ ቆሟል። ሁሉም ላይ የሚነበበው አንድ ነው፦ «መብራት የለንም፤ ጆሮ ግን አለን»።

«ሁላችሁም አንዳንድ ትለጥፉልኛላችሁ። ብዙ የለጠፈ ይቅደም» አለች ወስፌ ወደ አስተባባሪው ዞራ።

አስተባባሪው ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረና ግድግዳውን ቀባ፤ ወረቀቱን አሳረፈበት። ከዚያ ብሩሹን ደግሞ ነክሮ፣ እንዲጠነክርለት ከላይ ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። ፊደሎቹ መፍሰስ ጀመሩ።

«ይሄም አለቀሰ!» ብለው ዳቦ ጋጋሪዋ አማተቡ።

መምህሯ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ምን እያደረግክ ነው? ከላይ ይቀባል እንዴ?»

«እስቲ አንቺ አሳዪን» አለቻት ወስፌ።

መምህሯ ግድግዳውን በስሱ ቀብታ ወረቀቱን ካሳረፈች በኋላ ከኪሷ ደረቅ ጨርቅ አወጣችና ከመሃል ወደ ዳር እያሸች ጫነችው። አንዲት ፊደል አልተነቃነቀችም።

«ቀለሙ ጥላሸት ነው» አለች። «ቀለም ላለመግዛት አጎቴ ራሱ የበጠበጠው። እርጥበት ከነካው ይለቃል። የመጀመሪያ ቀን የለጠፈ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

ወስፌ ወደ ተሰበሰቡት ዞረች።

«ሟቹ ከዚህ መሰላል ወደቀ ተባለ። አሸዋው ክንድ ይውጣል፤ የሱ ጭንቅላት ግን በቀጥተኛ ጠርዝ ነው የተሰነጠቀው። እዚህ ቀጥተኛ ጠርዝ ያለው የቢሮው ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ሞቶ ነው እዚህ የመጣው። ማስታወቂያውን ማን ለጠፈው? እሱ አይደለም፤ ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ንጹሕና ደረቅ እንደሆነ ነው፤ የገዛ ፊደሉንም በሙጫ አያጥብም። መምህሯም አይደለችም፤ አሁን አያችኋት። ከላይ መቀባት የታተመ ማስታወቂያ የለመደ ሰው ልማድ ነው፤ የታተመ አይለቅም። ባልዲው ግን ተቆልፎበት ነበር። ቁልፍ ካላቸው ሰዎች ውስጥ ይህን ልማድ ይዞ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«መምሸት ጀምሮ ነበር... እጄ ቸኩሎ ይሆናል... ዛሬን ማለቴ ነው፣ ዛሬን» አለ አስተባባሪው።

«አልቸኮልክም። አታውቀውም። ስንቱን ግድግዳ አለበስኩ ያልከው ሰው አንድም ቀን አልለጠፍክም። ማዶ ሰፈር ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ። ብሩሼም ትናንት በታመመ ጉልበቱ ሄዶ አየው። እማማ፣ አልቃዠም። ልጆቼ ያላቸው ፊደሎቹን ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» ብሎ አስተባባሪው የዘመቻ ኃላፊውን አየው። ወስፌ የጠበቀችው ያችን አስተያየት ነበር።

«ለምን እሳቸውን ታያለህ?» አለችው።

ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኛ ያልነው አትለጥፍ ብቻ ነው! ግደል ያለው ማን አለ?»

ረዳቱ ከመኪናው ውስጥ ከባድ ጥቅል አውጥቶ መሬት ላይ አኖረው። ፖሊሶች ረፋዱን ከአስተባባሪው አልጋ ሥር ያገኟቸው፣ ለማዶ ሰፈር የተጻፉት የብሩሼ ወረቀቶች፣ ሟቹ እንዳሰራቸው በሲባጎ ታስረው ነበር።

አስተባባሪው ዓይኑን ከጥቅሉ ላይ አላነሳም። «ለእሷ እነግራለሁ አለኝ። ደረጃው ላይ ቆሞ... ገፋ ነው ያደረግኩት፣ ገፋ ብቻ።»

«አፈ ቅቤ!» አሉት ዳቦ ጋጋሪዋ። ልበ ጩቤ የሚለውን ለመጨረስ እንባቸው አላስቻላቸውም። ሁለቱንም ሰዎች ፖሊሶች ይዘዋቸው ሄዱ።

መምህሯ ግን የተያዙትን በዓይኗ እንኳ አልተከተለችም። ወስፌን ክንዷን ይዛ፣ «ታዲያ መሰላሉን...» አለች።

«አልረገጠውም፣ እህቴ። ያስማልሽውን መሐላ እንደጠበቀ ነው የሞተው።»

መምህሯ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላት ልቅሶ አሁን መጣ። አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ወስፌም አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት። በኋላ ተነስታ ዓይኗን ጠረገችና ጥቅሉን ታቀፈችው።

«ምርጫ ቢሮ ላድርስሽ?» አለቻት ወስፌ።

«አይ። ማዶ ሰፈር ያድርሱኝ። ልጆቹ ቤታቸው ይግቡ።»

ማዶ ሰፈር የመጀመሪያው ባዶ ግድግዳ ከፍ ያለ ነበር። መምህሯ መሰላሉን አቁማ ወደ ላይ አየችና፣ ከዚያ ዞር ብላ የሚይዝላት ሰው ፈለገች።

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አለች ወስፌ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ወገን የለኝም። መሰላል ግን እይዛለሁ።»

መምህሯ ደረቁን ጨርቅ በጥርሷ ነክሳ ወጣች።